መሐንዲስነት በአንድ በር ብቻ ነውን?

ወሩ ጥር፣ ዓመቱ 2015 ዓ.ም. ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ የቤታችን ስልክ ጮኸ። ባለቤቴ ከሽማግሌዎች ስብሰባ ገና አልተመለሰም ነበርና ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። የደወለችው በእናቶች ጸሎት ኅብረታችን ውስጥ የምታገለግል እህት ናት። ለጥቂት ጊዜ ቃል አልወጣትም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። ሰው የሞተባት መስሎኝ ጉልበቴ ከዳኝ። በመጨረሻ "ውጤቱ ወጣ፤ ልጄ አላለፈም" አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

በዚያ ሳምንት ያለቀሰች እናት እርስዋ ብቻ አልነበረችም። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው የተፈተኑበት ጊዜ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ውጤቱ ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 መጨረሻ የተፈተኑት ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 የተፈተኑት 5.4 በመቶ፣ በ2017 የተፈተኑት 8.4 በመቶ አለፉ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ መልካም ነው። ሆኖም በ2017ም ቢሆን ከአሥሩ ልጆች ዘጠኙ መስመሩን አላለፉም። እነዚህ ዘጠኙ የማን ልጆች ናቸው? የእኛው ናቸው፤ በመዘምራን ውስጥ የቆሙ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያሳደግናቸው ናቸው።

የዚህን ቤተሰብ ታሪክ የምጽፈው ባልና ሚስቱም ልጃቸውም ፈቅደውልኝ ነው። ስማቸውን ትቼዋለሁ።

የእናቶች ቅርጫት

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት የጸሎት ፕሮግራሙን የመራሁት እኔ ነበርሁ። እናቶች የልጃቸውን ስምና እንዲገባበት የሚመኙትን የትምህርት ክፍል በብጣሽ ወረቀት ጽፈው እንዲያመጡ አደረግሁ። ቅርጫቱ ሞላ። አውጥተን ስናነብ አብዛኛው ወረቀት ከሁለት ነገር አይወጣም፤ ወይ ሕክምና ወይ ኢንጂነሪንግ። እኔም በዘዳግም 28 ስለ ራስና ስለ ጅራት የተነገረውን አንሥቼ በብዙ ድፍረት ጸለይሁ። ቃሉ የተነገረው በኪዳኑ ስለ መታዘዝ እንጂ ስለ ፈተና ነጥብ አለመሆኑን በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ በዚያን ቀን ግን ትዝ አላለኝም።

ውጤቱ ከወጣ በኋላ በመጣው እሑድ ሦስት ቤተሰቦች ለምስጋና ወጡ። አጨበጨብን፣ እልል አልን። የቀሩት ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ለእነርሱ የጸለየ ማንም አልነበረም። መድረኩ ላይ የነበርሁት እኔም አልጸለይሁም።

ያ ልጅ ከ700 ውስጥ 214 ነበር ያመጣው። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ቀርቶ ለአቅም ማሻሻያ ፕሮግራሙ እንኳ አልበቃውም። አባቱ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በስሙ ጠርቶት አያውቅም ነበር፤ "ኢንጂነሬ" ነበር የሚለው። እንግዳ ሲመጣ "ኢንጂነሬ፣ ውኃ አምጣ"፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ "ኢንጂነሬስ የት ሄደ?" ይል ነበር። ከውጤቱ በኋላ ግን ያንን ስም ተወው፤ የራሱንም ስም አልጠራውም። ለሦስት ወር ያህል በአንድ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በእናቲቱ በኩል ሆነ። "ልጅሽ ይብላ" ይላል አባት። "አባዬን ገንዘብ ጠይቂልኝ" ይላል ልጅ።

ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። እሑድ መምጣትም ተወ። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ፣ እናቱ ስለ ልጇ ስትነግረኝ እንደ ዋዛ የጠቀሰችው ነገር ነው። የጎረቤቶች ምጣድ ሲበላሽ ሬዚስታንሱን የሚቀይረው፣ ቆጣሪ ሲያስቸግር የሚጠሩት፣ የመዘምራኑን ማጉያ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ ከፍቶ የሚጠግነው እርሱ ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ እንዲህ ነበር። ይህንን በቤቱ ውስጥ እንደ ስጦታ የቆጠረው ሰው አልነበረም። አባቱ "ጥናትህን ትተህ ሽቦ ትነካካለህ" ብሎ ይቆጣው ነበር።

ሰማያዊው ቱታ

እናቱ አንድ ቀን ቆረጠች። ልጇን ይዛ ሄዳ በአንድ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ዘርፍ አስመዘገበችው። ለባሏ ግን አልነገረችም። የእንግሊዝኛ ኮርስ ጀምሯል አለችው። ለእኔ ነገረችኝ። እኔስ ምን አልሁ? "ለጊዜው ይሁን፤ ጌታ ልቡን እስኪያለሰልስ ድረስ" አልሁ። ስንት ጋብቻ እያማከርሁ፣ ስለ ግልጽነት ስንት ሴሚናር እየሰጠሁ፣ በባልና ሚስት መካከል የገባውን ውሸት በጸሎት ቋንቋ ሸፈንሁት።

ሁለት ሳምንት አልሞላውም። አባትየው ከሥራ ሲመለስ በግቢው የልብስ ገመድ ላይ ሰማያዊ ቱታ ተሰጥቶ አየ። ታጥቦ ይንጠባጠባል። "የማን ነው?" አለ። የሚመልስ አልተገኘም።

በማግስቱ ባልና ሚስቱ እኛ ቤት መጡ። እርሱ ለባለቤቴ ሁሉን ተናገረ፤ ከልጁ ውጤት ይልቅ የቆሰለበት የሚስቱ መደበቅ ነበር። በመካከል ወደ እኔ ዞረና "እርስዎም ያውቁ ነበር?" አለኝ። "አዎ፣ አውቅ ነበር" አልሁ። ባለቤቴም ዞሮ አየኝ፤ እርሱም አያውቅም ነበርና። በዚያች ምሽት በሳሎናችን የተቀመጡት ጥንዶች ሁለት ነበሩ፤ ይቅርታ መጠየቅ የነበረባቸው ሚስቶችም ሁለት። ቡናው ቀዝቅዞ ሳይጠጣ ቀረ።

ይቅርታው ካለፈ በኋላ ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው። "ወንድሜ፣ ልጅህ መሐንዲስ እንዲሆን ለምን ፈለግህ?"

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በ1985 ዓ.ም. ማትሪክ ተፈትኖ በጥቂት ነጥብ እንደ ቀረበት ነገረን። ከዚያ ወዲህ በአንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ንብረት ክፍል ውስጥ ሠርቷል። ጫማና ሄልሜት እያስፈረመ የሚያወጣው እርሱ ነው። ነጩን ሄልሜት የሚወስዱት ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ልጆች ናቸው። ልጁ በተወለደ ቀን ነጩን ሄልሜት እንደሚያደርግ ለራሱ ቃል ገባ። ቀጥሎ የተናገረውን ግን አንዳችንም አልጠበቅነውም፦ "ቱታ የለበሰ ሰው በሳይት ላይ እንዴት እንደሚጠራ እኔ አውቃለሁ። ልጄ እንዲያ ተብሎ እንዲጠራ አልፈልግም" አለ።

በልቤ ትዕቢተኛ ብየው ነበር። ፍርሃት እንጂ ትዕቢት አልነበረም።

ባለቤቴ አልሰበከለትም። "ሳይታችሁ ላይ ትልቁ ማሽን ሲቆም ማንን ነው የምትጠሩት?" ብሎ ብቻ ጠየቀው። ሰውየው ሳያስበው ፈገግ አለ። አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉን አለ፤ ኢንጂነሮቹ ሁሉ "ጋሼ" ብለው ቆመው የሚጠብቋቸው። የተማሩት ባሕር ዳር ፖሊ ነው። ያ ተቋም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲከፈት የብረትና የእንጨት ሥራን፣ ኤሌክትሪክን፣ ጨርቃ ጨርቅንና የመሳሰለውን የሚያስተምር ነበር፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንዱ መሠረት የሆነውም እርሱ ነው።

እጅን መናቅ

ወገኖቼ፣ እጅን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ብረት ቀጥቃጩንና ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን በስድብ ስም ስንጠራ ኖረናል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድቡትን የሚገሥጽ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቱታው ግን ዛሬም ያሳፍረናል።

በቃሉ ውስጥ እንዲህ አይደለም። በዘጸአት 31 እግዚአብሔር በስሙ ጠርቶ በመንፈሱ የሞላው የኡሪ ልጅ ባስልኤል ካህን ወይም ነቢይ አልነበረም። ወርቅና ናስ የሚሠራ፣ ዕንቍ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ ሰው ነበር። በምዕራፍ 35 ደግሞ ለእርሱና ለኤልያብ ሌሎችን የማስተማር ስጦታ እንደ ተሰጣቸው እናነባለን፤ ዎርክሾፕ ከነአሠልጣኙ ማለት ነው። የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ የናስ ሥራ የሠራው የጢሮሱ ኪራም የመበለት ልጅ ነበር፤ አባቱም ናስ ሠሪ እንደ ነበረ 1ኛ ነገሥት 7 ይነግረናል። ጌታችንንም የናዝሬት ሰዎች ጸራቢ ብለው ናቁት፤ ማርቆስ 6ን ተመልከቱ።

ወደ አገራችን ወንጌላዊ ታሪክም መለስ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡት ወንጌላውያን ባለ እጆች ነበሩ። እጃቸው እየሠራ ቃሉን ሊመሰክሩ መጡ። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀምጠው መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። መድፍ ማቅለጥ ሙያቸው አልነበረም። እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ እንደገና እየሞከሩ በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡ። ለሰላም ወንጌል መጥተው መድፍ ማቅለጣቸው እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ይህ ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል። መድፉ ግን ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ።

ስድስተኛ ክፍል የቀረው መሐንዲስ

በዚያች ምሽት ባለቤቴ ከመደርደሪያው አንሥቶ ለአባትየው ያዋሰው የአንድ አሜሪካዊ አማኝ ታሪክ ነበር። ሮበርት ሌቱርኖ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1888 በቬርሞንት ተወለደ። ወላጆቹ አማኞች ነበሩ፤ እርሱ ግን ትምህርት አልሆንልህ አለው። በ14 ዓመቱ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ፖርትላንድ ከተማ በብረት ማቅለጫ ቤት ተለማማጅ ሆነ። ስለ መካኒክ ሥራ በተልእኮ ትምህርት የሚሰጥ ኮርስ ቢጀምርም አልጨረሰውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጋራዥ ከፈተ፤ ኪሳራና ዕዳ ላይ ጣለው። ከሚስቱ ከኤቭሊን ጋር እ.ኤ.አ. በ1917 ተጋቡ፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን በሕፃንነቱ ቀበሩ።

ዕዳውን ለመክፈል መሬት የመደልደል ሥራ ያዘ። የሚጠቀምበት መሣሪያ ስላልረካው ራሱ ሌላ ሠራ። ብረት በሚስማር በሚያያዝበት ዘመን እርሱ በብየዳ አያያዘው። እንዲህ እያለ በስሙ ወደ 300 የሚጠጉ የፈጠራ መብቶች ተመዘገቡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካና የአጋሮቿ ሠራዊት ለመንገድና ለአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ከተጠቀሙባቸው የአፈር መዛቂያ ማሽኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የእርሱ ነበሩ።

ለእኔ ከማሽኖቹ ይልቅ የሚገርመኝ ሌላው ነው። ወጣት ሳለ እግዚአብሔርን በሙሉ ልብ የሚያገለግል ሰው ሰባኪ ወይም ሚስዮናዊ መሆን አለበት ብሎ ያምን ነበርና ወደ መጋቢው ሄዶ ጠየቀ። አብረው ከጸለዩ በኋላ መጋቢው እግዚአብሔር ነጋዴዎችም እንደሚያስፈልጉት ነገረው። ሌቱርኖ በዚያ ቃል ኖረ። በኋላ እርሱና ሚስቱ ከገቢያቸው ዘጠኝ አሥረኛውን ለጌታ ሥራ ሰጥተው በአንድ አሥረኛው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1946 ቴክሳስ ውስጥ ሎንግቪው በምትባል ከተማ፣ ከጦርነቱ በኋላ ባዶ የቀረ የጦር ሆስፒታል ገዝተው ከጦር ሜዳ ለሚመለሱ ወጣቶች የቴክኒክ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። ስድስተኛ ክፍል ያልጨረሰው ሰው መሐንዲሶች የሚመረቁበትን ቤት አቆመ።

ይህን ስል ልጆቻችሁ ትምህርት ይተዉ ማለቴ አይደለም። ሌቱርኖ የኖረው በሌላ ዘመንና በሌላ አገር ነው። ትምህርት ቤት መክፈቱም ትምህርትን እንዳልናቀ ያሳያል።

ወደ ሙያው የሚያስገቡ መንገዶች

አባትየው መጽሐፉን ሲመልስ ያነሣው ጥያቄ የብዙ ወላጆች ጥያቄ ነው። "ቴክኒክና ሙያ ከገባ በኋላስ? እዚያው ሊቀር ነው?"

አንደኛውን መንገድ ሁላችን እናውቀዋለን። 12ኛ ክፍልን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። መጀመሪያ የፍሬሽማን ትምህርት ይወስዳል፤ ከዚያ እንደ ውጤቱና እንደ ቦታው በትምህርት ክፍል ይመደባል። ኢንጂነሪንግ በጠቅላላው አምስት ዓመት ይፈጃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መውጫ ፈተናውን ያላለፈ አይመረቅም።

በዚህ በር የገባ ሁሉ ደስተኛ ነው ብላችሁ አታስቡ። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የ70/30 ፖሊሲ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመደቡ፣ ሳይፈልጉት ኢንጂነሪንግ የደረሳቸው ልጆች ብዙ ነበሩ። በምክር አገልግሎቴ ያወቅኋት አንዲት እህት ሲቪል ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ተማረች፤ በየክረምቱ ስትመጣ ታለቅስ ነበር። ተመርቃም ሥራ ፍለጋ ሁለት ዓመት ተንከራተተች። ዛሬ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ፊቷም ያበራል። ዲግሪዋ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል፤ የሰቀሉት ወላጆቿ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ያ ልጅ የሄደበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አጠገብ ያለው ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ እንጦጦ እና በየክልሉ ያሉ ፖሊቴክኒክ ኮሌጆች በዚህ መንገድ ያሠለጥናሉ። ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነው፤ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ቀጣዩ አይዘለልም። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በዎርክሾፕና በትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ድርጅት ውስጥ ገብቶ በመሥራት ነው። በመጨረሻ ልጆቹ ሲኦሲ የሚሉት የብቃት ምዘና አለ፤ በጽሑፍም በተግባርም ይፈተናሉ።

ልጁ በመጀመሪያው ወር ሊተወው ነበር። ማሽኖቹ ያረጁ ነበሩ፤ አንዱን ለአሥር ይጠቀማሉ። አብረውት ከሚማሩት ብዙዎቹ "ወድቀን ነው የመጣነው" እያሉ ራሳቸውን ይሳደባሉ። ልቡ የተመለሰው ለትብብር ሥልጠና ወደ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ በተላከ ጊዜ ነው። አንድ ሌሊት ሞተር ተቃጠለና ሥራ ቆመ። የጥገና ኃላፊው የተቃጠለውን ሽቦ አውጥቶ እንደገና ሲጠመጥም ልጁ እስኪነጋ ድረስ አብሮት ቆመ። ጠዋት ላይ ኃላፊው "ስንት ዙር እንደሆነ ቆጥረሃል?" አለው። ቆጥሮ ነበር፤ ጽፎትም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ሒሳብ ተራ ቁጥር መሆኑ ቀረለት። ሞተሩ ለምን ያን ያህል ዙር እንደሚያስፈልገው ለማወቅ፣ 12ኛ ክፍል ያልገባውን የፊዚክስ ምዕራፍ ከወንድሞች ተውሶ ማንበብ ጀመረ።

የመጀመሪያውን ምዘና በጽሑፉ በኩል ወደቀ፤ በሁለተኛው አለፈ። ባለፈው ዓመት ደረጃ 4ን ጨርሶ በዚያው ፋብሪካ በጥገና ክፍል ተቀጥሯል። አሁን በማታው ፕሮግራም ዲግሪውን ለመቀጠል እየተዘጋጀ ነው።

እዚህ ላይ በእውነት መናገር ያለብን ነገር አለ። ቴክኒሺያን ኢንጂነር አይደለም። የሕንፃን የብረትና የኮንክሪት ስሌት ሠርቶ የሚፈርም፣ ለዚያም በሕግ የሚጠየቅ ሰው በዲግሪ የተመረቀና በሙያው የተመዘገበ መሆን አለበት፤ መሆኑም ተገቢ ነው፤ ሕንፃ ሲወድቅ የሚሞተው ሰው ነውና። ስለዚህ በፖሊቴክኒክ የሄደ ልጅ ኢንጂነር ለመሆን ከፈለገ ረጅሙን ጉዞ መሄድ አለበት፦ ደረጃዎቹን መጨረስ፣ ምዘናውን ማለፍ፣ መሥራት፣ ከዚያም ለዲግሪ ማመልከት። የዲግሪ መግቢያው መመሪያ በየጊዜው ስለሚሻሻል ጎረቤት የነገራችሁን ሳይሆን ተቋሙ በጽሑፍ የሚሰጣችሁን ያዙ። ኮሌጁ የግል ከሆነ ለዚያው ለምትማሩት ፕሮግራም ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሳታረጋግጡ አንድ ብር አትክፈሉ። ከኅብረታችን አንዲት እህት ሳታጣራ ሦስት ዓመት ከፍላለች፤ ወረቀቱን የሚቀበላት መሥሪያ ቤት አላገኘችም። ገንዘቡ የመጣው ከዓረብ አገር ነበር፤ በታናሽ እህቷ ላብ።

በሥራ በኩል የሚገባበት መንገድም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ ማሠልጠኛ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሺያኖችን ለረጅም ዘመን ሲያሠለጥን ኖሯል። መግቢያው ቀላል አይደለም፤ ፈተና አለው፣ የትምህርት ማስረጃም ይጠየቃል። ነገር ግን ማስታወቂያው በወጣ ቁጥር ስንቶቻችን ለልጆቻችን አንብበንላቸዋል?

በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖችም ይህ ጭንቀት አይቀርላችሁም። ቨርጂኒያ ያለች አንዲት እህት ልጇ በቀጥታ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ባለመግባቷ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች መናገር አፍራ ነበር። ልጅቷ የገባችው ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ እነርሱ "ኖቫ" የሚሉት ነው። እዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአነስተኛ ክፍያ ተምሮ ወደ ጆርጅ ሜሰን ወይም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የተለመደ መንገድ ነው። በዲግሪው ላይ የሚጻፈው የጨረሰችበት ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። እናትየው ይህን ስትረዳ ከዕዳ መትረፏንም ጨምራ አመሰገነች።

ባሎችና ሚስቶች ሆይ

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የልጃችሁን ውጤት ከመስማታችሁ በፊት ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ባያልፍ ምን እንላለን? ማን ነው የሚነግረው? የመጀመሪያው ቃላችን ምን ይሆናል? እነዚህ ባልና ሚስት ይህን ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ እርስዋ አትደብቅም፣ እርሱም ሦስት ወር ዝም አይልም ነበር ብለው ሁለቱም ነግረውኛል። ደግሞም ልጃችሁ ማንም ሳያዘው በራሱ ፈቃድ የሚሠራውን ነገር አስተውሉ። ሽቦ የሚነካካው ሁሉ መሐንዲስ ይሆናል ማለት አይደለም። አንዳንዱ እጁን ማቆሸሽ ጨርሶ አይወድም፤ እንዲህ ያለውን ልጅ ለቅጣት ያህል ቴክኒክና ሙያ ማስገባትም በደል ነው።

የእናቶች ጸሎት ኅብረታችን ቅርጫቱን አልተወውም። ባለፈው ሰኔ ግን ወረቀቱ ላይ የልጁን ስም ብቻ ጻፉ አልናቸው። አንዳንዶቹ ቅር ተሰኙ። "እግዚአብሔር በዝርዝር ለምኑ አላለም እንዴ?" ያሉኝ አንዲት እናት አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ስለሆነ እስካሁን እያሰብሁበት ነው። ውጤት በወጣ ማግስት ባለው እሑድ ደግሞ ያለፉትም ያላለፉትም አንድ ላይ ወደ ፊት ወጥተው ይጸለይላቸዋል። በመጀመሪያው እሑድ ካላለፉት የወጡት አራት ልጆች ብቻ ነበሩ። ከኋላ ተነሥቶ መጥቶ ከአራቱ አጠገብ የቆመው አምስተኛው ግን ያ ልጅ ነው፤ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ስለ መጣ ቱታውን አላወለቀም ነበር። አባቱ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አየው፤ አልተነሣም፤ ዓይኑንም አላነሣም።

ሁሉ ነገር ተስተካክሏል አልላችሁም። አባትየው በመሥሪያ ቤቱ ስለ ልጁ ሲጠይቁት "ፋብሪካ ነው ያለው" ብሎ ያልፋል እንጂ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። እቤት ግን ይነጋገራሉ። ባለፈው ወር ጄኔሬተር ሲገዙ አብረው ሄደው ነበር፤ የመረጠው ልጁ ነው፣ የተከራከረው አባቱ።

እናትየው ሰሞኑን ስትስቅ አገኘኋት። የመጨረሻዋ ልጃቸው ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። አባቷ "ዶክተሬ" ማለት ጀምሯል። እርስዋም በሰማች ቁጥር ከወጥ ቤት ሆና "ስም አላት እኮ፤ በስሟ ጥራት!" ትለዋለች።